በጎልማሳነት ዕድሜ ወደ ብስክሌት ስለመመለስ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ስለ ብስክሌት መናገር እንደምፈልግ ባስታወቅሁ ጊዜ አንድ አባላችን «እድርና ሳይክል ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ንግግሬን ከዚሁ ጥያቄ እጀምራለሁ።

እንደሚታወቀው የእድር ዋና ሥራ ሰው ሲሞት በክብር መቅበርና የቀረውን ቤተሰብ ማጽናናት ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እናወጣለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ቀብር እንሸኛለን፣ ከሐዘንተኛው ጋር እንቀመጣለን። በዚህ ሥራችን ምክንያት ማን እንደሞተ ብቻ ሳይሆን በስንት ዓመቱና በምን እንደሞተ ጭምር እናውቃለን። በመዝገባችን ላይ ያለውን አንድ በአንድ አልዘረዝርም፤ ቤተሰቦቻቸው እዚህ ተቀምጠዋል። ነገር ግን እያንዳንዳችን በልባችን ብንቆጥር፣ ልጆቹን ሳይድር፣ ጡረታውን ሳይበላ፣ «ትናንት ደኅና አልነበረም እንዴ?» እየተባለ የተቀበረ ጎረቤት ቁጥሩ ጥቂት አይደለም።

ይህ የእኛ ሠፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የመቃብር ሥፍራዎች የሚመዘገቡትን ቀብሮች ሲከታተሉ፣ የሟቾችንም ቤተሰቦች እየጠየቁ የሞታቸውን ምክንያት ሲያጠኑ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 የነበረውን የአዋቂዎች ሞት መርምረው እንዳገኙት፣ ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሞቱት ከሰው ወደ ሰው በማይተላለፉ በሽታዎች ነው። ይኸውም የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ካንሰር፣ ስኳርና የመሳሰሉት ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ጥናቱ የተሠራው ከቀብር መዝገብ ተነሥቶ ነው። እኛ በየጊዜው የምንሸኘው ሰው እዚያ መዝገብ ላይ ነው የሚገባው።

እነዚህ በሽታዎች ሁሉ በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጡም። ዘር አለበት፣ ምግብ አለበት፣ ጨው አለበት፣ መጠጥና ሲጋራ አለበት፣ ጭንቀትም አለበት። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መቀመጥ ነው። እስቲ የራሳችንን ውሎ እንመልከት። ጠዋት ከአልጋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሱቅ ወንበር፣ ማታ ደግሞ ከመኪና ወደ ሶፋ። አባቶቻችን በእግራቸው የሚሄዱትን መንገድ እኛ በታክሲ እንሄደዋለን። ሆድ ይመጣል፣ ቀበቶ ይለወጣል፣ ደረጃ ስንወጣ እናለከልካለን፤ «ዕድሜ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዕድሜ ብቻ ግን አይደለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ይህም አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። በእግር መሄድ ለዚህ በቂ ነው፤ መራመድ የሚወድ ይራመድ፣ እኔ ከመንገዱ አላስወጣውም። ታዲያ ለምን ብስክሌት ትላላችሁ?

ምክንያቴ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሩጫ ጊዜ እግር መሬት ባረፈ ቁጥር ጉልበት የሰውነትን ክብደት ይሸከማል። በብስክሌት ላይ ግን ክብደቱን በአብዛኛው የሚሸከመው መቀመጫው ስለሆነ፣ ጉልበቱን ለሚያመውና ክብደት ለጨመረ ሰው ይመቻል። ሁለተኛ፣ ሰው ደስ የሚለውን ነገር አያቋርጥም። ስፖርት ቤት ተመዝግቦ በሁለተኛው ወር የሚቀር ስንት አለ! ሦስተኛ፣ አብዛኞቻችን ብስክሌት አዲስ ትምህርት አይሆንብንም። በልጅነታችን በደቂቃ እየተከራየን፣ አንዱ እየነዳ ሌላው ከኋላ እየሮጠ የተማርነው ነው። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በድሬዳዋ ወይም በሐዋሳ ያደጋችሁማ ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ይህ ችሎታ ሠላሳ ዓመት ቢቆይም ከሰውነት አይጠፋም። ሚዛኑ በአንድ ጠዋት ይመለሳል። የማይመለሰው ትንፋሹ ነው፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል።

ለአገራችንም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በሮም ተወዳድሯል። የሜልቦርኑ የጎዳና ውድድር ርዝመት 187 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ ነበር። እንግዲህ ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ዓለምን ከማስደነቁ በፊት፣ የኢትዮጵያ ልጆች በኦሊምፒክ አደባባይ ፔዳል መትተዋል ማለት ነው። በቅርቡም ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እኛ ከእነርሱ ጋር እንወዳደር ለማለት አይደለም። ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ እናርም ብዬ ነው።

«አሁን ከሃምሳ በኋላ ተጀምሮ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ጥሩ መልስ ያለው ከዴንማርክ ነው። በዚያ አገር ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 65 የሆነ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ቀድሞ ብስክሌት የማይነዱ ሆነው በክትትሉ የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ውስጥ መንዳት የጀመሩት፣ ጨርሶ ካልነዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር የመያዛቸው ዕድል በ20 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር በሽታ የመያዛቸው ዕድል ደግሞ በሩብ ያህል አንሶ ተገኝቷል። እርግጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በሌላም ነገር ጤናውን የሚጠብቅ ሊሆን ስለሚችል ሁሉም ውጤት የብስክሌቱ ብቻ ነው አይባልም፤ ተመራማሪዎቹ ግን ይህንንም አስበው ሒሳባቸውን ሠርተዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ቁም ነገር፣ ጥናቱ በጎረምሶች ላይ ሳይሆን በእኛው እኩዮች ላይ መደረጉ ነው።

እኔም ብሆን የማወራው ከወረቀት ብቻ አይደለም። ዘንድሮ 54 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የደም ግፊቴ ሲለካ 152 በ94 ነበር። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ፤ «ተንቀሳቀስ» ብሎም አዘዘኝ። ልጄ ትቶት የነበረውን ሳይክል አስጠግኜ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከገርጂ ተነሥቼ አሥር ደቂቃ ሳልሞላ ወርጄ እገፋው ነበር። ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ እነዳለሁ፣ ግፊቴም ከ140 በታች ሰንብቷል። መድኃኒቱን ግን ሐኪሙ ሳያዝ አላቆምኩም፤ ማንም እንዳያቆም አደራ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። በአምስት ነጥብ ከፍዬዋለሁ።

፩ኛ፣ ምርመራ። ከመጀመራችን በፊት የደም ግፊታችንንና ስኳራችንን እንለካ። ግፊት 140 በ90 ከሆነ ወይም ከበለጠ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። 180 በ110 የደረሰ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይታከም፤ ሳይክሉ የትም አይሄድበትም። በሚነዱበት ጊዜ ደረት ላይ የመጫን ስሜት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ማዞር፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ወዲያው ማቆምና ወደ ሕክምና መሄድ ነው። «ትንሽ ልታገሰው» አይባልም።

፪ኛ፣ ሳይክሉ። ውድ መሆን የለበትም፤ ያገለገለም ቢሆን ይበቃል። ሲመርጡ በመሐል ያለውን ብረት በሁለት እግር መሐል አድርገው ይቁሙ። ሁለቱም እግር መሬት ካልረገጠ ሳይክሉ ትልቅ ነው። እናቶችና እኅቶች መሐሉ ዝቅ ያለውን ዓይነት ቢመርጡ ለቀሚስም ለመውረድም ይመቻል። ከዚያ የመቀመጫውን ከፍታ ማስተካከል ነው፦ ተቀምጠው ተረከዝዎን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያደርጉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረግጡ ያን ጊዜ ጉልበት ትንሽ ዕጥፍ ይላል፤ ልኩ እሱ ነው። ብዙ ሰው መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ እየነዳ «ጉልበቴን አመመኝ» ይላል። ሁለቱም ፍሬን መያዙን በየጊዜው ይፈትሹ፣ ካቴናውን ዘይት ይቀቡ። ጎማ ሲያስነፉ የአየሩ ልክ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለጎሚስታው አሳዩት። የመኪና ጎማ ሲነፋ የዋለ ሰው የሳይክሉንም በዚያው እጁ ሊያፈነዳው ይችላል።

፫ኛ፣ አጀማመር። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንቸኩለው። በልጅነት የነዳነውን እያስታወስን በልጅነት ሳንባ ልንነዳ እንፈልጋለን። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እኛ ነዋሪዎቹ ለምደነዋል፤ ቢሆንም በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን የልምምድ መጠን እንዳለ አንውሰድ። ከውጭ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ካለም ጥቂት ቀን ሳያርፍ ዳገት አናስወጣው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሜዳ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየነዱ ከጎን ካለ ሰው ጋር መጨዋወት ከቻሉ ልክ ነው፤ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ፈጥነዋል። ማርሽ ካለው ቀላሉን ይጠቀሙ። እግር በፍጥነት ይዙር እንጂ በኃይል አይርገጥ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብስክሌት ለልብና ለሳንባ ደግ ቢሆንም ለአጥንት ጥንካሬ የእግር ጉዞን ያህል አይጠቅምም። ስለዚህ መራመዱን አንተው፤ በሳምንት ሁለት ቀንም ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥን የመሰለ የጡንቻ ሥራ እንሥራ።

፬ኛ፣ መንገድ። ከተማችን ከሰሜን ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ ያጋደለች ናት። ይህን ያወቀ ሰው ጉልበቱን ይቆጥባል። ሲነሡ ትኩስ ጉልበት እያለ ወደ ሰሜን መሄድ፣ ሲመለሱ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ቤት መውረድ ይሻላል። ቁልቁለት ሄዶ ዳገት መመለስ ለጀማሪ ሰው ቅጣት ነው።

ድሮ እኮ «የት ልንዳ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጎዳናዎች እሁድ ለመኪና ሲዘጉ፣ ልጅና አዋቂው አስፋልቱን ሞልቶ ሲጫወትበት ያየን ሁሉ ቦታ ሲገኝ ሕዝቡ እንደሚወጣ አይተናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ በቦሌ መንገድና ከመገናኛ ወደ ሲ ኤም ሲ በሚወስደው መንገድ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መስመሩ አለ ብሎ ዓይንን መጨፈን ግን አይገባም። እግረኛ ይገባበታል፣ ዕቃ ይቀመጥበታል። ደወላችንን በትሕትና እንደውል፤ ሰው ፊት ዝግ እንበል። ዝናብ ሲዘንብ የተለሰነው ወለልና የጉድጓድ ክዳን ያንሸራትታል፤ ስለዚህ በክረምት ፍሬን ቀደም ብሎ ቀስ እያደረጉ መያዝ ነው። መስመር በሌለበት መንገድ ከቆመ ሚኒባስ ጎን ስናልፍ በሩ በድንገት ሊከፈት ስለሚችል ራቅ ብለን እንለፍ። በቀለበት መንገድ ዋና መስመር ግን በፍጹም አንግባ። ሄልሜት እናድርግ፤ ማለዳና ማታ መብራት ይኑረን።

ስለ ማለዳ ካነሣን ስለ ውሾች ሳልናገር አላልፍም። በየሠፈሩ ጎሕ ሲቀድ ውሻ ተሰብስቦ ይተኛል፤ የሚዞር እግር ሲያይ ይነሣል። ሮጦ ለማምለጥ መሞከር አይጠቅምም፣ ጭራሽ ያባብሰዋል። ቀስ ብሎ መውረድ፣ ሳይክሉን በራስና በውሻው መሐል ማድረግና እየገፉ ማለፍ ነው። ምናልባት ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

፭ኛ፣ ጾምና ምግብ። በእድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስላለ ሁላችንንም የሚመለከት ነው። ጤነኛ ሰው በጾም ሰዓት በቀላሉ ቢነዳ ጉዳት የለውም፤ ረጅም መንገድና ዳገት ግን ለሌላ ቀን ይቆይ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ ይልቁንም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በባዶ ሆዱ አይንዳ። ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪሱ አይለይ፤ አብሮት የሚነዳውም ሰው ይህን ይወቅ። ውኃ ደግሞ ለሁላችንም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ይሉኝታ ነው። «ሽማግሌ ሰው ሳይክል ላይ ወጥቶ ምን ይባላል? መኪናው ተሸጠ ይሉኛል። ምራቴ ታየኛለች።» ይህን ያልሰማ የለም። እኔም በመጀመሪያው ቀን የሠፈር ልጆች «ፋዘር ንዳው!» እያሉ ሸኝተውኛል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ማንም ዞሮ አላየኝም። ሰው ለአንድ ሰሞን ይስቃል፤ ከዚያ ይለምደዋል። እናቶች ላይ ደግሞ ይሉኝታው እጥፍ ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፦ የምናፍረው ከሚያድነን ነገር ነው ወይስ ከሚገድለን? ሰው ሆዱ ገፍቶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው አላፈረም፤ ለመዳን ብሎ ፔዳል ሲመታ ለምን ያፍራል? ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ደግሞ ብዙ መሆን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲነዳ ይታያል፤ አሥር ሆነው ሲነዱ ሠፈሩ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን አንድ የደም ግፊት መለኪያ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የሕክምና ሙያ ያላችሁ አባላት አሉ፤ ተራ ገብታችሁ ትለኩልናላችሁ። ሰው ለመዋጮ ሲመጣ ግፊቱንም አውቆ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ እሁድ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በእድራችን ዕቃ ቤት በር ላይ እንገናኝና አብረን እንንዳ። ሳይክል የሌለው በእግሩ ይምጣ፤ በሚነዱት መነሻና መድረሻ መካከል ይራመዳል። ማንም ማንንም አይቀድምም፤ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት የሁላችንም ፍጥነት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ያገለገሉ ሁለት ሳይክሎች ተገዝተው ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጎን ይቀመጡ፤ አባላት በተራ እየተመዘገቡ ይውሰዷቸው። እዚህ ላይ «የእድር ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ልክ ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ለሐዘን የተመደበው አንድ ሳንቲም አይነካ። መግዣው ፈቃደኛ ከሆንን አባላት ለብቻው ይዋጣ፣ ሒሳቡም በተለየ ደብተር ይያዝ። ሐሳቡ ግን ከእድር ወግ የወጣ አይደለም። ኤች አይ ቪ ኤድስ በከተማችን በከፋበት ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከመቅበር አልፈው በሽተኛ መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ «ይህ የእድር ሥራ አይደለም» ቢባል ኖሮ ስንቱ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር!

ሞት ለማንም አይቀርም፤ ብስክሌትም አያስቀረውም። እድራችንም ሥራ አይፈታም፣ ድንኳኑም ይተከላል። ነገር ግን በ52 ዓመቱ በድንገት ለወደቀ ሰው በሚተከል ድንኳንና፣ ልጆቹን ድሮ የልጅ ልጅ ስሞ በ85 ዓመቱ ላረፈ ሰው በሚተከል ድንኳን መካከል ያለውን ልዩነት ከእኛ ከለቀስተኞቹ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በአንደኛው ድንኳን ውስጥ የምንናገረው ይጠፋናል። በሁለተኛው ውስጥ ግን ሰውየውን እያመሰገንን፣ አንዳንዴም እየሳቅን እንጨዋወታለን።

ሐሳቦቼን ጉባኤው ተወያይቶ ይወስንባቸው። ሳይወሰንም ቢቀር እኔ እሁድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዕቃ ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ፤ የጎማ መንፊያም ይዤ እመጣለሁ። ዕድሜና ጤና ለሁላችንም ይስጠን።